ዳላይ ላማን ማን ይመርጣል?

ንጉሥ ሲሞት ልጁ ይነግሣል። ፕሬዚዳንት ሲለቅ ሕዝብ ሌላ ይመርጣል። ፓትርያርክ ሲያርፍ ሲኖዶስ ተሰብስቦ ተተኪ ይሰይማል። የቲቤት ቡድሂስቶች ግን ታላቁ መሪያቸው ሲያርፍ ፍለጋ ይወጣሉ። የሚፈልጉትም ጎልማሳ ሰው አይደለም፤ አፉን በቅጡ ያልፈታ ሕፃን ነው።

በዚህ መንገድ ተፈልጎ የተገኘው አንዱ ልጅ ዛሬ 90 ዓመት አልፏቸዋል። ስማቸው ቴንዚን ጊያትሶ፣ ማዕረጋቸው ዐሥራ አራተኛው ዳላይ ላማ ነው። የሚኖሩት ሕንድ ውስጥ ነው፤ ከ1959 ወዲህ አገራቸውን ቲቤትን አላዩዋትም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከእምነቱ መጀመር ይሻላል። ቡድሂዝም የተነሣው ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ሕንድና ኔፓል በሚባሉት አገሮች አካባቢ ነው። ከክርስትናም ከእስልምናም የሚለይበት ትልቁ ነገር፣ ዓለምን የፈጠረ አምላክ አለ ብሎ አለማስተማሩ ነው። ትምህርቱ የሚያተኩረው ሥቃይ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚወገድ ላይ ነው። ፍጡር ሁሉ ይሞታል፣ ተመልሶም ይወለዳል ይላል፤ በምን ዓይነት ኑሮ እንደሚወለድ የሚወስነው የራሱ ሥራ ነው። የቡድሂስት ምኞት ከዚህ ዙር መላቀቅ ነው። የቲቤት ቡድሂስቶች ታዲያ አንዳንድ ቅዱሳን መላቀቅ እየቻሉ ሌላውን ለመርዳት ሲሉ ወድደው ይመለሳሉ ብለው ያምናሉ። ዳላይ ላማዎች ከእነዚህ ይቆጠራሉ፤ ቼንሬዚግ የሚባለው የርኅራኄ ቡድሃ በእነሱ አካል ይገለጣል ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ዳላይ ላማ የዓለም ቡድሂስቶች ሁሉ አለቃ አይደሉም። የታይላንድ፣ የስሪላንካ ወይም የጃፓን ቡድሂስት ያከብራቸው ይሆናል እንጂ የእሳቸው ቃል አይገዛውም። በቲቤት ውስጥ እንኳ ጌሉግ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ሌሎች ወገኖች የየራሳቸው አለቆች አሏቸው። ማዕረጉን ልዩ ያደረገው በ1642 የሆነው ነገር ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ፣ በአምስተኛው ዳላይ ላማ ዘመን፣ መንፈሳዊው ክብርና የአገር አስተዳደሩ በአንድ ሰው እጅ ገቡ። ይህን ዓመት ያዙልኝ፤ በኋላ ይፈለጋል።

ፍለጋው

ዐሥራ ሦስተኛው ዳላይ ላማ ያረፉት በዲሴምበር 1933 ነው። አስከሬናቸው ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ እንደተቀመጠ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞሮ ተገኘ ይባላል። ቀጥሎ አገሩን በእንደራሴነት የያዙት ሬቲንግ ሪንፖቼ ላሞ ላትሶ ወደሚባለው ቅዱስ ሐይቅ ሄዱ። ውኃው ላይ ሦስት ፊደላት፣ ጣሪያው በወርቅና በሰማያዊ አረንጓዴ ያሸበረቀ ገዳም፣ ደግሞም አሸንዳው ለየት ያለ ትንሽ ቤት እንዳዩ ተናገሩ። ማመን አለማመን የአንባቢው ፋንታ ነው። ቲቤታውያን አምነውበት ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጓዙ።

የዛሬው ዳላይ ላማ፣ ያኔ ስሙ ላሞ ቶንዱፕ፣ የተወለደው በዚያው አቅጣጫ፣ አምዶ በሚባለው አውራጃ፣ ታክትሰር በምትባል ትንሽ መንደር ጁላይ 6 ቀን 1935 ነው። ወላጆቹ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬዎች ነበሩ። እናቱ 16 ልጆች ወልደው ያደጉላቸው ሰባት ብቻ ናቸው። የቤቱ ዋና ምግብ ጻምፓ ነው፤ ገብስ ተቆልቶ ይፈጭና ቅቤና ጨው ባለበት ሻይ ይለወሳል። በሶ እየበላ ያደገ ሰው የቲቤት ዋና ከተማ ላሳ ቢሄድ ቁርስ አይቸግረውም። ታላቅ ወንድሙ ቀደም ብሎ የሌላ ላማ (የመንፈሳዊ መምህር) ዳግም ልደት ነው ተብሎ ኩምቡም ወደተባለው ገዳም ተወስዷል። ስለዚህ ቤተሰቡ በነገሩ እንግዳ አልነበረም፤ ሁለተኛ ልጅ ይፈለግብናል ብሎ ግን አልጠበቀም።

መልእክተኞቹ መጥተው ማደሪያ ለመኑ። የቡድኑ መሪ ኬውትሳንግ ሪንፖቼ የሴራ ገዳም ትልቅ ላማ ናቸው፤ ያን ቀን ግን የአሽከር ልብስ ለብሰው ወጥ ቤት ገቡ። ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጭናቸው ላይ ወጣና አንገታቸው ላይ ያለውን መቁጠሪያ ያዘ። መቁጠሪያው የሟቹ ዳላይ ላማ ነበር። «ማን እንደሆንኩ ካወቅህ እሰጥሃለሁ» ሲሉት የሴራ ላማ መሆናቸውን ተናገረ ይባላል። ሌላ ጊዜ ተመልሰው በትር፣ ከበሮና መቁጠሪያ እያጣመሩ አቀረቡለት፤ ከየጥንዱ አንዱ የሟቹ ነው፣ ሌላው አይደለም። ልጁ «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» እያለ ትክክለኞቹን አነሣ። በትሩ ላይ መጀመሪያ ተሳስቶ፣ ጥቂት አመንትቶ ነው የመለሰው የሚል ዝርዝርም በታሪኩ ውስጥ አለ። እኔ የምወደው ይህን ዝርዝር ነው፤ ሰው ያሳመረው ተረት ቢሆን ልጁ ሳይሳሳት በጨረሰ ነበር።

የተገኘው ልጅ ወዲያው አልተወሰደም። አካባቢውን የሚገዛው ማ ቡፋንግ የተባለ የጦር አበጋዝ ገንዘብ ካልተከፈለኝ አልለቅም አለ። 100 ሺህ የቻይና ብር ሲሰጠው ልጁ ተፈላጊ መሆኑ ገባውና ከዚያ ሦስት እጥፍ ያህል ጨመረ። ገንዘቡን ያበደሩት ለሐጅ ወደ መካ የሚጓዙ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። የቡድሂስቶቹ ታላቅ መሪ ወደ ዙፋኑ የተጓዘው በሙስሊሞች ብድር ነው ማለት ነው፤ መንገዱንም አብረው ሄዱ። ሦስት ወር ያህል ተጉዘው በኦክቶበር 1939 ላሳ ገቡ። በፌብሩዋሪ 1940 ልጁ በአራት ዓመቱ ዙፋን ላይ ተቀመጠ።

አንድ ሺህ ክፍል ያለው ቤት

ላሳ ከባሕር ጠለል በላይ 3,650 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ፖታላ የሚባለው ቤተ መንግሥት ከኮረብታ ላይ ከተማዋን ቁልቁል ያያል፤ ከ1,000 በላይ ክፍሎች አሉት። ለልጅ የሚሆን ቤት ግን አልነበረም። መኝታ ክፍሉ ቀዝቃዛና ጨለማ ነው፤ አይጦች ሌሊት እየመጡ በመሠዊያው ላይ የተቀመጠውን ይበላሉ። ቀኑ በትምህርት ያልቃል፦ የቡድሃ ፍልስፍና፣ ክርክር፣ ጸሎት፣ በቃል የሚያዝ መጽሐፍ።

ማምለጫው ቴሌስኮፕ ነበር። በቀን ከኮረብታው ግርጌ ያለውን እስር ቤት ያይበታል፤ እስረኞቹ ልጁ እንደሚያያቸው ሲያውቁ መሬት ወድቀው ይሰግዱለታል። በሌሊት ጨረቃን ያይበታል። አንድ ጊዜ የጨረቃ ተራሮች ጥላ እንደሚጥሉ አስተዋለ። ጥላ ካለ ብርሃኑ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው፤ የተማረበት ጥንታዊ መጽሐፍ ግን ጨረቃ በራሷ ታበራለች ይላል። መምህራኑን ጠርቶ አሳያቸው። ለሳይንስ ያለው ፍቅር የጀመረው እንዲህ ነው፤ አድጎም ከአንጎል ተመራማሪዎችና ከፊዚክስ ሊቃውንት ጋር ለዐሥርት ዓመታት ተወያይቷል፤ ሳይንስ የቡድሂዝምን አንድ ትምህርት ስሕተት መሆኑን ካረጋገጠ ቡድሂዝም ይለወጥ እስከ ማለት ደርሷል። ሰዓት እየፈታ መግጠምም ይወድ ነበር። ከሱ በፊት የነበሩት ዳላይ ላማ ሂማላያን በቁርጥራጭ አሻግረው ያስመጧቸው ሦስት መኪኖች ነበሩ፤ አንዷን ደብቆ ሲነዳ ከዛፍ ጋር አጋጭቶ መብራቷን ሰብሯል።

ቲቤት ግን ገነት አልነበረችም፤ ለወጣት አንባቢም ይህ መነገር አለበት። መሬቱ የመንግሥት፣ የመኳንንትና የገዳማት ነበር። ብዙው ገበሬ ከመሬቱ ጋር የታሰረ ገባር ነው። የቻይና መንግሥት እስከ ዛሬ «ቲቤትን ከባርነት ነፃ አወጣሁ» የሚለው ይህን ይዞ ነው። ዳላይ ላማም ያ ሥርዓት ለውጥ እንደሚያስፈልገው አልካዱም፤ የሚሉት ለውጡን ራሳችን ጀምረነው ነበር ነው።

የ15 ዓመቱ ርእሰ ብሔር

ቲቤት የማን ናት? ቻይና ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የእኔ ናት ትላለች። ቲቤታውያን ደግሞ በ1912 እና በ1913 የቻይናን ወታደሮች አስወጥተን እስከ 1950 ድረስ ራሳችንን አስተዳድረናል፤ የራሳችን ገንዘብ፣ ጦርና ፖስታ ነበረን ይላሉ። ሁለተኛው ነገር እውነት ነው፤ ሆኖም ያን ጊዜ ታላላቆቹ መንግሥታት ቲቤትን እንደ ነፃ አገር በይፋ አላወቋትም። ይህ ጉድለት ኋላ ብዙ አስከፈላቸው።

በኦክቶበር 1950፣ ኮሚኒስቶቹ ቤጂንግ ላይ አዲሱን መንግሥታቸውን ባወጁ በዓመቱ፣ የቻይና ጦር በምሥራቅ በኩል ገባ። ትንሹና በቂ መሣሪያ ያልነበረው የቲቤት ጦር በጥቂት ሳምንታት ተሸነፈ። ዳላይ ላማ ሥልጣን የሚረከበው በ18 ዓመቱ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አሁኑኑ ይረከብ አለ። በኖቬምበር 17 ቀን 1950 ልጁ ርእሰ ብሔር ሆነ። ከዚህ በኋላ «አንቱ» ብንላቸው ያምርባቸዋል።

በሜይ 1951 የቲቤት ልዑካን ቤጂንግ ላይ 17 አንቀጾች ያሉት ስምምነት ፈረሙ። ቲቤት የቻይና አካል ናት ይላል፤ በልዋጩ የዳላይ ላማ ሥልጣንና ሃይማኖቱ አይነካም። ቲቤታውያን ተገድደን ፈረምን ይላሉ። ወጣቱ መሪ ግን አብሮ መሥራት ይቻል እንደሆነ ለስምንት ዓመታት ሞከሩ። በ1954 ቤጂንግ ሄደው የቻይናን መሪ ማኦ ዜዶንግን ደጋግመው አገኙ፤ የማርክሲዝም የእኩልነት ሐሳብ ማርኳቸውም ነበር። በስተመጨረሻ ማኦ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው ሃይማኖት መርዝ እንደሆነ ነገሯቸው። ሰውየው የሃይማኖት አጥፊ መሆናቸው ያን ጊዜ ገባኝ ብለዋል።

በ1959 መጀመሪያ የቻይና ጄኔራሎች ዳላይ ላማን በጦር ሰፈራቸው የሚቀርብ የዳንስ ትርኢት እንዲያዩ ጋበዟቸው፤ የታጠቀ አጃቢ እንዳይከተላቸው የሚል ወሬ ወጣ። ሊያፍኗቸው ነው ተብሎ ላሳ ተናወጠች። በማርች 10 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ኖርቡሊንካ የሚባለውን የበጋ ቤተ መንግሥት ከቦ አይሄዱም አለ። ለአንድ ሳምንት ሕዝቡ አልተበተነም፣ ጦሩም ተጠጋ። በ17ኛው ቀን ሁለት የሞርታር ጥይቶች ከአጥሩ አቅራቢያ ወደቁ። ያን ማታ ዳላይ ላማ መነጽራቸውን አውልቀው፣ የወታደር ልብስ ለብሰው፣ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አንግተው በሕዝቡ መካከል አልፈው ወጡ። ዕድሜያቸው 23 ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ቤተ መንግሥቱ በመድፍ ተደበደበ፤ ይህን የሰሙት መንገድ ላይ ነው።

ሁለት ሳምንት በፈረስና በእግር የሂማላያን መተላለፊያዎች አቋረጡ። ድንበር ላይ ሲደርሱ በተቅማጥ ታምመው ፈረስ መቀመጥ አቅቷቸው ነበር፤ ወደ ሕንድ የገቡት የያክና የላም ዲቃላ በሆነ ከብት ጀርባ ላይ ነው። ቀኑ ማርች 31፣ ቦታው ታዋንግ አካባቢ ነው። ከተቀበሏቸው የሕንድ ወታደሮች አንዱን ከ58 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ በአደባባይ አቅፈውታል። ፊትህን ሳይ እኔም ማርጀቴ ታወቀኝ አሉት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ስደት

የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ጥገኝነት ሰጡ። ያን ያህል ነው የሰጡት። ሕንድ በ1954 ቲቤትን የቻይና ክልል አድርጋ ተቀብላ ስለነበር፣ የስደቱን መንግሥት አላወቀችም፤ እንግዳውን ተቀበለች፣ ጉዳዩን ግን አልተሸከመችም። ዳላይ ላማን ተከትለው 80 ሺህ ያህል ቲቤታውያን ድንበር ተሻገሩ። ከብርዳማ ደጋ ወርደው የሕንድ ሙቀት ላይ ከወደቁት ብዙዎች በበሽታ አለቁ፤ ሌሎች ብዙዎች በተራራ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ይፈልጡ ጀመር። ልጆቻቸው በመንገዱ ዳር በየድንኳኑ ነበሩ።

ዳላይ ላማ በ1960 ዳራምሳላ በምትባል የተራራ ከተማ ተቀመጡ። መጀመሪያ ያሰቡት ትምህርት ቤት ነው። ከመንገድ ሠራተኞች ካምፕ የመጡ 51 የታመሙና የተራቡ ልጆችን በመሰብሰብ የተጀመረው መጠለያ በታላቅ እኅታቸው ጼሪንግ ዶልማ፣ ከዚያም በታናሽ እኅታቸው ጄትሱን ፔማ እጅ አድጎ የቲቤት ሕፃናት መንደር ሆነ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን አስተምሯል። በደቡብ ሕንድ ካርናታካ ደግሞ ጫካ ተመንጥሮ የእርሻ ሰፈሮችና ላሳ ላይ የነበሩት ታላላቅ ገዳማት እንደገና ተተከሉ። ቲቤት ውስጥ የቀሩት ገዳማት አብዛኞቹ በእነዚያ ዓመታትና ማኦ በ1960ዎቹ ባስነሡት የባህል አብዮት ጊዜ ፈርሰዋል።

ታሪኩ የማይመች ገጽም አለው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ የቲቤት ሽምቅ ተዋጊዎችን አሠልጥኗል፤ በ1960ዎቹ ለስደቱ አስተዳደር በየዓመቱ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ይሰጥ እንደነበር አስተዳደሩ በ1998 አምኗል። አሜሪካ ከቻይና ጋር ስትታረቅ ገንዘቡም ቆመ። ዳላይ ላማ ራሳቸው ደም ሳይፈስ መታገልን ነው የሰበኩት፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ ነፃ አገርን መጠየቅ ትተው በቻይና ውስጥ እውነተኛ ራስ ገዝነት ይበቃናል አሉ። «መካከለኛው መንገድ» ይሉታል። የኖቤል የሰላም ሽልማት በ1989 የተሰጣቸው ለዚህ ነው። ቤጂንግ እስከ ዛሬ ተገንጣይ ትላቸዋለች፤ ከራሳቸው ወጣቶች መካከል ደግሞ አብዝተው ሰጡ የሚሏቸው አሉ።

አሁን ወደ 1642 እንመለስ። ዳላይ ላማ ስደት ከገቡ ጊዜ ጀምሮ ሥልጣናቸውን ቀስ በቀስ መልሰው ሰጥተዋል። በ1963 በወጣው ረቂቅ ሕገ መንግሥት ውስጥ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የዳላይ ላማን ሥልጣን ማንሣት ይችላል የሚል አንቀጽ እንዲገባ አደረጉ። ተከታዮቻቸው ደነገጡ፤ ዳላይ ላማን የሚሽር ሕግ እንዴት ይጻፋል አሉ። አንቀጹ ግን ሳይሰረዝ ጸና። በ2011 የቀረውን ሁሉ አስረከቡ። የስደቱ ፓርላማ እባክዎ ያስቡበት ብሎ ለመናቸው፤ እምቢ አሉ። በሕንድ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተበትነው የሚኖሩ ቲቤታውያን የመረጧቸው የሕግ ምሁሩ ሎብሳንግ ሳንጋይ የአስተዳደሩ መሪ ሆኑ። 369 ዓመት የቆየው የሃይማኖትና የመንግሥት ጥምረት በዚህ አበቃ። መሪን ሕዝብ ሲያባርር በታሪክ ብዙ አይተናል፤ ሕዝብ እየለመነ መሪ ሲለቅ ግን ብዙ አይታይም።

ቀጣዩስ?

ቲቤታውያን ሌላ ከፍተኛ ላማ አላቸው፤ ፓንቸን ላማ ይባላሉ። በተለምዶ ፓንቸኑ አዲሱን ዳላይ ላማ በማወቅ ይረዳል፣ ዳላይ ላማውም አዲሱን ፓንቸን ያውቃል። ዐሥረኛው ፓንቸን ላማ በ1989 ዐረፉ። ዳላይ ላማ በሜይ 14 ቀን 1995 ጌዱን ቾኪ ኒማ የሚባል የስድስት ዓመት ልጅ ዳግም ልደታቸው ነው ብለው ከስደት አስታወቁ። ከሦስት ቀን በኋላ ልጁና ቤተሰቡ በቻይና ባለሥልጣናት ተወሰዱ፤ ከዚያ ወዲህ በአደባባይ አልታየም። የቻይና ባለሥልጣናት እንደ ማንኛውም ዜጋ ኑሮውን እየኖረ ነው፣ እንዲረበሽም አይፈልግም ይላሉ። በዚያው ዓመት መንግሥት በወርቅ ገንቦ ዕጣ አውጥቶ ሌላ ልጅ ሾመ።

ገንቦው ከ1793 ጀምሮ ያለ ነው፤ የቻይና ንጉሠ ነገሥት የላማ ምርጫ በዕጣ እንዲሆን ልከውት ነበር። አንዳንዴ ተሠርቶበታል፣ አንዳንዴ ታልፏል፤ የአሁኑ ዳላይ ላማ ያለ ዕጣ ነው የተሾሙት። በ2007 ቻይና ማንኛውም ላማ ዳግም የተወለደ ነው ለመባል የመንግሥት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ደነገገች። አምላክም ዳግም ልደትም የለም የሚል ፓርቲ የሚመራው መንግሥት፣ ማን እንደገና እንደተወለደ የማጽደቅ መብት የእኔ ነው አለ ማለት ነው። የሚያስቅ ይመስላል፤ ዓላማው ግን ግልጽ ነው። ቲቤታውያን የሚሰሙትን ሰው የያዘ ቲቤትን ይይዛል።

በጁላይ 2 ቀን 2025፣ 90 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ዳላይ ላማ ማዕረጉ ከእሳቸው በኋላም እንደሚቀጥል አስታወቁ። ቀጣዩን የሚያፈላልገው እሳቸው ያቋቋሙት ጋደን ፖድራንግ የተባለው ተቋም ብቻ ነው፤ ሌላ ማንም ጣልቃ መግባት አይችልም አሉ። ቤጂንግ በዚያው ቀን ያለ ማዕከላዊ መንግሥት ፈቃድ አይሆንም ብላ መለሰች። እሳቸው ከቻይና ግዛት ውጪ፣ በነፃው ዓለም እወለዳለሁ ማለታቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ አራተኛው ዳላይ ላማ ሞንጎል ነበሩ፣ ስድስተኛው የተወለዱት ዛሬ ሕንድ ውስጥ ባለችው በታዋንግ አካባቢ ነው፤ ወጣቱ ስደተኛ በ1959 ድንበር የተሻገሩትም እዚያው ነው። ሴት ልጅ ልትሆን እንደምትችልም ተናግረው ያውቃሉ።

ስለዚህ አንድ ቀን ሁለት ዳላይ ላማዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱ በቤጂንግ የጸደቀ፣ ሌላው ስደተኞቹ ያገኙት። ሁለቱም ሕፃናት ይሆናሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። የዳራምሳላው ሽማግሌ ግን የልደታቸው ዋዜማ ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ገና ሠላሳና አርባ ዓመት መኖር፣ 130ንም ማለፍ እንደሚሹ ነግረዋል።